የጠፉ ፊልሞች ያልተሾሙ ባለአደራዎች

በ2014 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ ዳላስ ከተማ በተካሄደ ጨረታ አንድ የፊልም ፖስተር 478,000 ዶላር አወጣ። ፖስተሩ በ1927 ለእይታ የበቃውን «ለንደን አፍተር ሚድናይት» ለማስተዋወቅ የታተመ ነው፤ ሌላ ቅጂው መኖሩም አይታወቅም ነበር። ፊልሙ ራሱ ደግሞ ጭራሹኑ የለም። የመጨረሻው እንደሆነ የሚታመነው ኮፒ በ1965 የኤምጂኤም ስቱዲዮ መጋዘን ሲቃጠል አብሮ ነደደ። እንግዲህ አንድ ሰው ሊያየው ለማይችለው ፊልም፣ ያውም ለማስታወቂያው ወረቀት፣ ቤት የሚገዛ ገንዘብ አወጣ ማለት ነው። ነገሩ ከሩቅ ሲታይ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ያሰኛል። እኔ ግን ይህን ፍቅር እንደ ዋዛ ማለፍ አይሆንልኝም። ስለ ሲኒማ ያለፈ ዘመን ዛሬ የምናውቀው ብዙው ነገር የተረፈው፣ ማንም ሳይሾማቸው ራሳቸውን ባለአደራ ባደረጉ እንዲህ ባሉ ሰዎች እጅ ነውና።

መጀመሪያ ፊልሙን እንይ፤ ቢያንስ የተረፈውን ያህል። ዳይሬክተሩ ቶድ ብራውኒንግ፣ መሪ ተዋናዩ ሎን ቼኒ ነበር። ቼኒ ሜካፑን በገዛ እጁ የሚሠራ፣ «ባለ ሺህ ፊቱ ሰው» እየተባለ የሚጠራ የድምፅ አልባው ዘመን ኮከብ ነው። ከዚህ ፊልም በተረፉት ፎቶግራፎች ላይ ረጅም ጥቁር ባርኔጣ ደፍቶ፣ ጸጉሩ ወደ ትከሻው ተንጨባርሮ፣ ዓይኖቹ ፈጥጠው፣ እንደ መጋዝ የሾሉ ጥርሶቹን ገልጦ ይታያል። ይህን ፊት አንዴ ያየ ሰው አይረሳውም። ፎቶው ግን አይንቀሳቀስም። ያ ፍጡር እንዴት ይራመድ ነበር? ፊቱን ወደ ተመልካቹ ሲያዞር አዳራሹ ውስጥ ምን ይሆን ነበር? የፊልም ሰብሳቢው ጉጉት የሚወለደው እዚህ ላይ ነው፤ በቆመው ፎቶና በሚንቀሳቀሰው ምስል መካከል ባለችው ክፍተት። በ2002 ቲሲኤም የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያ የተረፉትን ፎቶዎች ከፊልሙ ታሪክ ጋር አገጣጥሞ 45 ደቂቃ ያህል የሚፈጅ ቅንብር አሳይቷል። ታሪኩን ለመከተል ይረዳል። ጥማቱን ግን አባሰው እንጂ አላረካውም።

እዚህ ላይ ጠንከር ያለ ተቃውሞ ይነሣል። ፊልሙን ከመቃጠሉ በፊት አይተነዋል ካሉት የፊልም ታሪክ አዋቂዎች አንዳንዶቹ ያን ያህል የሚወራለት እንዳልነበር፣ ብራውኒንግ ራሱ በ1935 «ማርክ ኦቭ ዘ ቫምፓየር» በሚል ስም በድምፅ ደግሞ የሠራው እንደሚሻል ተናግረዋል። የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው፤ ሰብሳቢውም የሚያፈቅረው የፊልሙን መጥፋት ነው፣ ቢገኝለት ፍቅሩ ይበርድ ነበር ይላሉ። በዚህ ውስጥ እውነት አለ፤ መካድ አይገባም። «ለንደን አፍተር ሚድናይት» ነገ ከአንድ ምድር ቤት ቢወጣ ብዙ ሰው ቅር ሊለው ይችላል። ነገር ግን ተቃውሞው አንድ ነገር ይዘነጋል። የትኛው ፊልም ዋጋ እንዳለው በመጨረሻ የሚፈርደው ኋላ የሚመጣው ትውልድ ነው፤ ለመፍረድ ደግሞ ፊልሙ በእጁ መኖር አለበት። የዚሁ የብራውኒንግ ሌላ ሥራ ምስክር ይሁን። «ፍሪክስ» በ1932 ሲወጣ በሰርከስ ትርኢት የሚተዳደሩ የእውነት አካል ጉዳተኞችን በተዋናይነት በማሳተፉ ተመልካቹ ደነገጠ። ስቱዲዮው 90 ደቂቃ ገደማ ከነበረው ፊልም ሲሶ የሚሆነውን ቆርጦ አወጣ፤ ብሪታንያም ለ30 ዓመት ያህል ከለከለችው። የብራውኒንግ ሙያ ከዚያ ወዲህ እንደ ቀድሞው አላንሠራራም። በ1962 በቬኒስ ፌስቲቫል እንደገና ሲታይ ግን ሌላ ትውልድ ሌላ ነገር አየበት፤ በዚያ ታሪክ ውስጥ ጭካኔው ያለው በመልከ መልካሞቹ ዘንድ፣ ሰብዓዊነቱ ደግሞ ሰው አፍጥጦ በሚያያቸው ዘንድ መሆኑን። ዛሬ ፊልሙ ተከብሮ ይታያል። ተቆርጦ የተጣለው ሲሶ ግን እስከ ዛሬ የለም። በ1932 መቀስ ያነሣው እጅ የቆረጠው ገና ባልተወለዱት ተመልካቾች ድርሻ ላይ ነበር።

«ፍሪክስ»ን የመሰሉትን እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «ከልት ፊልም» ይሏቸዋል። ገበያ ሳይቀናው የቀረ፣ ወይም ተቺ የናቀው፣ ወይም ሕግ ያገደው፣ ወዳጆቹ ግን እንደ ጽዋ ማኅበርተኛ እየተጠራሩ ደጋግመው የሚያዩት ፊልም ማለት ነው። ለመጥፋት ቅርብ የሚያደርገውም ይኸው ነው። ሽልማት የጎረፈለት ፊልም ስቱዲዮው ይጠብቀዋል፤ የከልት ፊልም ጠባቂው ማኅበርተኛው ብቻ ነው።

የጠፉት ጥቂቶች ናቸው ብሎ የሚያስብ ካለ ቁጥሩን ይመልከት። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2013 ያወጣው ጥናት እንደሚለው፣ በአሜሪካ ከተሠሩት 10,919 ረጃጅም ድምፅ አልባ ፊልሞች መካከል መጀመሪያ በወጡበት መልክ የተረፉት 14 በመቶ ብቻ ናቸው። ለዚህ አንዱ ምክንያት ኬሚስትሪ ነው። እስከ 1950ዎቹ መግቢያ ድረስ የሲኒማ ፊልም ይታተምበት የነበረው ሴሉሎስ ናይትሬት ለፈንጂ ከሚውለው የባሩድ ጥጥ ጋር የቅርብ ዘመድ ነው። ሲነድ ኦክስጅኑን ከራሱ ስለሚያወጣ ውሃ ውስጥ ቢነከር እንኳ አይጠፋም። ሳይነድ ቢቀመጥም ቀስ በቀስ ይበሰብሳል፤ መጀመሪያ ምስሉ ይደበዝዛል፣ ቀጥሎ ጥቅሉ እርስ በርሱ ተጣብቆ ማር የመሰለ ፈሳሽ ያወጣል፣ በመጨረሻ የፊልሙ ጣሳ ሲከፈት የሚገኘው ቡናማ ዱቄት ነው። ኬሚስትሪውን ብቻ መውቀስ ግን ባለቤቶቹን ነጻ ማውጣት ይሆናል። ቴሌቪዥንና ቪዲዮ ከመምጣታቸው በፊት የእይታ ጊዜውን የጨረሰ ፊልም ለባለቤቱ የመጋዘን ወጪና የእሳት ስጋት እንጂ ሀብት አልነበረም። አሮጌ ፊልም ይፈለግ የነበረው በላዩ ካለው የብር ማዕድን የተነሣ ነው፤ ማዕድኑ ይወጣል፣ ምስሉ ይጣላል። ዩኒቨርሳል ስቱዲዮ ከድምፅ አልባው ዘመን የቀሩለትን አብዛኞቹን ፊልሞች በ1948 ሆን ብሎ አስወገደ። ሲኒማ ቤቶችም ኮፒውን አሳይተው ሲጨርሱ እንዲመልሱ ወይም እንዲያጠፉ በውል ይገደዱ ነበር።

የዚህን ውል ትርጉም ልብ እንበል። ሁሉም ሰው ውሉን ቢያከብር ኖሮ የሚተርፍ ነገር ባልኖረ። የተረፈው፣ የሆነ ቦታ የሆነ ሰው የታዘዘውን ሳይፈጽም ስለቀረ ነው። የጀርመኑ «ኖስፌራቱ» በ1922 ሲሠራ የ«ድራኩላ»ን መጽሐፍ ያለ ፈቃድ በመጠቀሙ የደራሲው ባለቤት ፍሎረንስ ስቶከር ከሰሱ፤ ፍርድ ቤትም በ1925 ኮፒዎቹ በሙሉ እንዲጠፉ ወሰነ። ዛሬ ፊልሙን የምናየው ውሳኔው ያልደረሳቸው ወይም ደርሷቸው ዝም ያሉ ሰዎች በየአገሩ ስለነበሩ ነው። ኒውዚላንድ የፊልም ስርጭት የመጨረሻዋ ጣቢያ ነበረች። ያረጀ ኮፒ ወደ አሜሪካ መልሶ ለመላክ የሚጠይቀው ወጪ ከኮፒው ዋጋ ስለሚበልጥ አከፋፋዮች እዚያው ይጣል አሉ፤ የሲኒማ ማሽን ሠራተኞችና ሰብሳቢዎች ግን እያነሡ ወደ ቤታቸው ወሰዱት። በ2010 የአገሪቱ የፊልም ቤተ መዛግብት ጠፍተዋል ከተባሉ የአሜሪካ ፊልሞች 75 ያህሉን ለማስመለስ ሲስማማ፣ የጆን ፎርድ «አፕስትሪም» ከመካከላቸው ይገኝ ነበር። እዚህ አህጉራችን ላይም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። ቢቢሲ ቴፑን ለሌላ ፕሮግራም ለመጠቀም ሲል ካጠፋቸው የ«ዶክተር ሁ» ድራማ ክፍሎች ዘጠኙ፣ ናይጄሪያ ጆስ ከተማ በሚገኝ የቴሌቪዥን ጣቢያ መጋዘን መገኘታቸው በ2013 ተገለጸ። ለንደን የጣለችውን ጆስ አስቀምጣ ነበር።

ይህን ሁሉ በአንድ ታሪክ ውስጥ ለማየት ከ«ሜትሮፖሊስ» የተሻለ አላውቅም። የፍሪትዝ ላንግ ፊልም በ1927 መጀመሪያ በርሊን ላይ ሲመረቅ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጅ ነበር። እንደታሰበው ገበያ ስላላገኘ አከፋፋዮቹ ሩብ የሚሆነውን ቆርጠው አወጡት፤ የተቆረጠውም ጠፋ። ከዚያ በኋላ ለ80 ዓመት ዓለም ያየው ጎዶሎውን ነው፤ ማንን ለምን እንደሚከታተል የማይገባ ሰላይ፣ ሥሩ ያልተነገረ ቂም። ፊልሙ ከመቆረጡ በፊት ግን አዶልፎ ዊልሰን የተባለ አከፋፋይ ሙሉውን ኮፒ ገዝቶ ወደ አርጀንቲና ዋና ከተማ ቦነስ አይረስ ወስዶት ነበር። ኮፒው ቀጥሎ ማኑኤል ፔኛ ሮድሪጌዝ በተባለ ተቺና ሰብሳቢ እጅ ገባ። በ1960ዎቹ ክምችቱ ለአገሪቱ የኪነ ጥበብ ፈንድ ተላለፈ። ናይትሬቱ አደገኛ ነው ተብሎ ወደ ቀጭኑ የ16 ሚሊሜትር ፊልም ተገለበጠ፤ ጭረቱና እድፉም ሳይጠረግ አብሮ ተገለበጠ፤ ዋናው ተወገደ። ቅጂው በ1992 ወደ ከተማዋ የሲኒማ ሙዚየም ገብቶ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። ፈርናንዶ ማርቲን ፔኛ የተባለ የፊልም ተመራማሪና ሰብሳቢ ግን አንድ ወሬ በጆሮው ቀርቶ ነበር። አንድ የሲኒማ ክበብ ኃላፊ «ሜትሮፖሊስ»ን ባሳየ ጊዜ፣ ያረጀው ፊልም ማሽኑ ላይ አልረጋ ብሎ ከሁለት ሰዓት በላይ በጣቱ ተጭኖ ለመቆም መገደዱን አጫውቶታል። ለሌላ ሰው ይህ ተራ የሥራ ቤት ጨዋታ ነው። ፔኛ ግን ዓለም የሚያውቀው «ሜትሮፖሊስ» ያን ያህል እንደማይረዝም ያውቃል። ያ ጣት ሁለት ሰዓት ቆሞ ከነበረ፣ ከተባለው በላይ የሚረዝም ኮፒ አለ ማለት ነው። በ2008 ፓውላ ፌሊክስ ዲዲየር የሙዚየሙ ዳይሬክተር ስትሆን ጥቅሎቹ ወጥተው ታዩ፤ ጠፋ የተባለው ትዕይንት 25 ደቂቃ ያህሉ እዚያ ነበር። ሰላዩ ሥራውን አገኘ፣ ቂሙም ሥሩ ታወቀ። የታደሰው ፊልም በ2010 በርሊን ላይ ታየ። ከቦነስ አይረስ የመጣው ክፍል ግን ምንም ያህል ቢጸዳ በጭረቱ ዛሬም ተለይቶ ይታወቃል። ለእኔ ያ ጭረት የፊልሙ ክብር እንጂ ነውሩ አይደለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሕግ ወገን ይመጣል፤ ሰብሳቢ ማለት የሰው ንብረት ያለ ፈቃድ የያዘ ሰው ነው የሚል። በ1970ዎቹ የአሜሪካ መንግሥት አቋም ይኸው ነበር። በ1974 ኤፍቢአይ የተዋናይ ሮዲ ማክዳዎልን ቤት ፈትሾ ከመቶ የሚበልጡ የፊልም ኮፒዎችና ከሺህ የሚበልጡ የቪዲዮ ካሴቶች ወሰደ። ክስ አልተመሠረተበትም፤ ድንጋጤው ግን በሰብሳቢዎች መንደር ሁሉ ተሰማ፤ ጠፋ የተባለ ፊልም በእጁ ያለ ሰውም ለመናገር የሚፈራበት ምክንያት ተጨመረለት። የባለቤትነት መብት መከበር አለበት፤ ፊልም የሠራ ሰው ከሥራው መብላት አለበት። ነገር ግን ባለቤቱ ራሱ አቃጥሎት ወይም ጥሎት ሲያበቃ ከቆሻሻ ላይ ያነሣውን ሰው ሌባ ማለት ለሕሊናዬ አይመቸኝም። ከዚህ ይልቅ የሚከብደው ሌላው ወቀሳ ነው፤ ሰብሳቢ ይደብቃል፣ ደብቆም ያበሰብሳል የሚለው። ይህ እውነት ነው። ኔዘርላንድስ፣ ሃርለም ከተማ ይኖር የነበረ አንድ ሰብሳቢ ሲሞት 2,000 ያህል የዛጉ ጣሳዎች ትቶ ሄደ፤ ሲመረመሩ ግሎሪያ ስዋንሰንና ሩዶልፍ ቫለንቲኖ በጋራ የሠሩት፣ ለዘመናት የተፈለገው የ1922ቱ «ቢዮንድ ዘ ሮክስ» በየጣሳው ተበታትኖ ተገኘ። ሰውየው ባይሰበስብ ፊልሙ አይኖርም ነበር። ሞቱ ጥቂት ዓመታት ቢዘገይ ደግሞ ከጣሳው የሚወጣው ዱቄት ሊሆን ይችል ነበር። የፓሪሱ አንሪ ላንግሏ በጀርመን ወረራ ዘመን ፊልሞችን ደብቆ ያተረፈ ታላቅ ሰብሳቢ ነው፤ በ1959 ግን ከእሱም ክምችት ብዙ ተቃጥሏል። ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው፤ ሰብሳቢው ባለአደራ ነው ስንል አደራውን የሚመልስበት ቀን መኖር አለበት። የቦነስ አይረሱ ኮፒ ዋጋ ያገኘው ከሰብሳቢው ቁም ሣጥን ስለወጣና የሚያውቅ ዓይን ስላረፈበት ነው።

በከልት ፊልም ዙሪያ ፍለጋው ራሱ ማኅበር ይፈጥራል። በ1973 የወጣውን «ዘ ዊከር ማን» ስቱዲዮው ለማሳጠር ሲል ብዙ ትዕይንት ቆርጦለታል፤ ኔጋቲቩም በእንግሊዝ ዋና አውራ ጎዳና መሠረት ሥር ከቆሻሻ ጋር ተቀብሯል የሚል ወሬ ለዓመታት ሲነገር ኖሯል። ወዳጆቹ ወሬውን እያዳነቁ አልተቀመጡም። ለአሜሪካዊው ፕሮዲዩሰር ሮጀር ኮርማን ቀድሞ ተልኮለት የነበረውን ረዘም ያለ ኮፒ መሠረት አድርገው፣ የቱ ትዕይንት ከየት እንደጎደለ ደቂቃ በደቂቃ አመሳከሩ። በ2013 ለሕዝብ ጥሪ ተደርጎ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የፊልም ቤተ መዛግብት ውስጥ በተገኘ ኮፒ አማካይነት ከተቆረጠው ብዙው ተመለሰ። የአውስትራሊያው «ዌክ ኢን ፍራይት» ዕጣም ከዚህ አይርቅም፤ ኤዲተሩ አንቶኒ በክሊ ዓመታት ሲፈልገው ኖሮ ኔጋቲቩ የተገኘው አሜሪካ፣ ፒትስበርግ ውስጥ፣ «የሚወገድ» የሚል ጽሑፍ በተለጠፈበት ዕቃ ነው።

ዛሬ ሁሉም ነገር ዲጂታል ሆኗል፤ ከእንግዲህ የሚጠፋ ፊልም የለም የሚል አንባቢ አይጠፋም። እኔን የሚያሳስበኝ ተቃራኒው ነው። ዋርነር ብራዘርስ ዲስከቨሪ በ2022 «ባትገርል» የተባለውን፣ 90 ሚሊዮን ዶላር ያህል የወጣበትንና ቀረጻው ያለቀውን ፊልም ለማንም እንደማያሳይ አስታወቀ። ድሮ ቢሆን ኮፒው ወደ ቦነስ አይረስ፣ ወደ ኒውዚላንድ፣ ወደ ጆስ ይላክ ነበር፤ አንዱ ጋ ይቀር ነበር። ፊልሙ በኩባንያው ኮምፒዩተር ውስጥ ብቻ ሲኖር ግን አልታዘዝም ብሎ ጣሳውን አልጋው ሥር የሚያስቀምጥ ሠራተኛ አይኖርም። ሰዎች በስልካቸው የሚያዩትን የእኛ ነው ይላሉ፤ የእነሱ የሚሆነው ግን ኩባንያው እስከፈቀደ ድረስ ነው።

ይህ ጉዳይ ለእኛም ሩቅ አይደለም። የፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» አብዮቱ በፈነዳበት ወቅት በ16 ሚሊሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም የተቀረጸ ሥራ ነው። ዛሬ ጥርት ብሎ የሚታየው ጣሊያን፣ ቦሎኛ ከተማ ባለ ቤተ ሙከራ ስለታደሰ ነው። ይህ ዕድል ያልገጠማቸው በአማርኛ የተቀረጹ ድራማዎች፣ ቴአትሮችና የቪዲዮ ፊልሞች ግን በየሰው ቤት፣ አዲስ አበባም ሆነ ዋሽንግተን፣ በአሮጌ ካሴት ተቀምጠዋል። አንባቢ ሆይ፣ ቤትህ ወይም ቤትሽ እንዲህ ያለ ካሴት ካለ አትጣሉት፤ ላዩ ላይ የተጻፈውን ስምና ቀን አትፋቁ፤ ከፀሐይና ከእርጥበት አርቃችሁ አቁማችሁ አስቀምጡት፤ ማጫወቻ እስከተገኘ ድረስም ወደ ዲጂታል አስገልብጡትና አንዱን ቅጂ ለሠራው ሰው ወይም ለቤተሰቡ አድርሱ። የቪኤችኤስ ማጫወቻ በማምረት የመጨረሻ የነበረው የጃፓኑ ፉናይ ኩባንያ ማምረት ያቆመው በ2016 ነው።